ስታቲስቲክስን በእጅና በዓይን ስለ መማር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር፤ ጂንካ)



 የመረጥነው አርእስት ለበዓል ቀን የማይስማማ ይመስል ይሆናል፤ ስለ ስታቲስቲክስ ትምህርት ነውና። ነገር ግን እኛ የዘንድሮ ተፈታኞች ስለ ሆንን፣ የመቶኛና የአማካይ ነገር ለእኛ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም።

ስታቲስቲክስ ማለት ብዙውን ነገር ቈጥሮ፣ የተቈጠረውንም በየመልኩ አሰናድቶ፣ ትርጕሙን መርምሮ ማወቅ ነው። እኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያ የተማርነው በቃል ነበር። «ሁሉን ደምር፤ ለብዛቱ አካፍል» የሚለውን እንደ ዳዊት ደገምነው። መልሱ ትክክል ይወጣ ነበር፤ መልሱ ምን ማለት እንደ ሆነ ብንጠየቅ ግን ከዝምታ በቀር ሌላ አልነበረንም።

ነገሩ የገባን በከብት ምሳሌ ነው። ዐሥር ቤተ ሰብ የሚኖሩበት አንድ መንደር አለ እንበል። ዘጠኙ ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው 4 ከብት አሏቸው፤ ዐሥረኛው ብቻውን 94 አለው። ድምሩ 130፣ አማካዩም 13 ይሆናል። እንግዲህ በዚያ መንደር 13 ከብት ያለው ማን ነው? ማንም የለም! በሐመርም ሆነ በኣሪ ያለ አባት ይህን አማካይ ቢሰማ ይስቅብናል። ቤተ ሰቦቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ አሰልፈን መካከል ላይ የቆሙትን ሁለቱን ብንጠይቅ ግን ሁለቱም «4» ይሉናል። መሐል ከፋይ የሚባለው ይህ ነው።

ይህንኑ ጂኦጀብራ በሚባለው፣ ያለ ዋጋ በሚገኘው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ላይ ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ ነጥብ ይሆናል። የባለጠጋውን ነጥብ ይዘን ወደ ቀኝ ስንጐትተው አማካዩ እየተከተለ ይሄዳል፤ መሐል ከፋዩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ያደረገ ተማሪ፣ ቀመሩን ቢረሳ እንኳ ነገሩን አይረሳውም። መብራት በጠፋ ቀንም ትምህርቱ አይቀርም። በማስመሪያ ላይ የጠርሙስ ክዳኖች ደርድረን በአንድ ጣት ብናመዛዝን፣ ማስመሪያው እጅግ ቀላል ከሆነ፣ ሚዛኑ የሚጠበቅበት ቦታ አማካዩ ነው። በሜዳ ላይ በኖራ መስመር አስምረን በየቁመታችን ብንቆም፣ እኛው ራሳችን ግራፍ እንሆናለን።

ቍጥርን በሥዕል መግለጽ የቆየ ጥበብ ነው። ዊልያም ፕሌይፌር የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1786 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የንግድን ነገር በመስመርና በዐምድ ሥሎ አሳየ። በእኛ ዘመንም ሐንስ ሮስሊንግ (1948–2017 እ.ኤ.አ.) የተባለው የስዊድን ሐኪም የአገሮችን ሀብትና የሰውን ዕድሜ በሚንቀሳቀሱ ክቦች አሳይቶ ብዙ ሕዝብ አስተምሯል። እርሱም ቢሆን ኮምፒዩተር ብቻ አልተጠቀመም፤ በተራ ሣጥኖች ደርድሮ ያስረዳ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ጕዳይ እንመለስ። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ነበሩ። ይህን በዐምድ ብንሥለው የመጨረሻው ዐምድ ከመጀመሪያው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይረዝማል። ነገር ግን አንድ ሰው የግራፉን ግርጌ ከዜሮ ሳይሆን ከ3 ቢጀምር፣ ያው ዐምድ 18 እጥፍ ረዝሞ ይታያል። ቍጥሩ አልተለወጠም፤ የተታለለው ዓይናችን ነው።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። በ2014 የተፈተኑት 896,520፣ ያለፉት 29,909 ነበሩ፤ በ2017 የተፈተኑት 585,882፣ ያለፉት 48,929 ናቸው። ያለፉት በርክተዋል፤ ይህ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ጭማሪው እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ መቶኛው ይህን ያህል ከፍ ያለው ተፈታኙም ስላነሰ ነው። እንግዲህ መቶኛ ስንሰማ «ከስንት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የአካባቢያችንም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የደቡብ ኦሞ ሕዝብ 573,435 ነበር። በ21 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲካፈል ለአንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 27 ሰው ይደርሳል። ነገር ግን ከጂንካ ገበያ በቅዳሜ ቀን የቆመ ሰውና በማጎ ፓርክ ቍጥቋጦ መካከል የሚሄድ ሰው ይህን 27 የት ያገኙታል? በአማካዩ ውስጥ ደጋውና ቆላው፣ ከተማውና የከብት በረቱ ተደባልቀው ጠፍተዋል። በዚያ ቈጠራ እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች አልተቈጠርንም፤ ገና አልተወለድንም ነበርና።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናለን። በግቢያችን በር አንድ ሰፊ ሰሌዳ ይቁምልን። ከየክፍሉ ስንት ተማሪ እንደ መጣ፣ ስንቱስ እንደ ቀረ፣ ተማሪዎች ራሳችን በየጧቱ በነጥብ እናመልክት። በአዝመራ ጊዜ፣ በድርቅ ጊዜ መስመሩ የት እንደሚወርድ መምህራንም ወላጆችም ያዩታል። አማካዩ «ደኅና ነው» ሲል አንዲት ነጥብ ብቻዋን ርቃ ብትታይ ግን ቸል አንበላት። ያች ነጥብ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች፣ ትምህርቷን ልትተው የደረሰች እኅታችን ልትሆን ትችላለችና፣ ፈጥነን ወደ ቤቷ ሄደን እንጠይቃት።

እኛ በቅርቡ ተሰናብተን እንሄዳለን፤ ሰሌዳው ግን ከታናናሾቻችን ጋራ ይቀራል።