የማዕረግ ዕድገትና የፖሊስ ጡረታ



በ2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. ለምረቃ የበቃው በመሐንዲሱ ድካም ብቻ አይደለም፤ ከአሶሳ እስከ መተከል ጸጥታ ያስከበረው ፖሊስም ድርሻ አለው። ስለዚህ ስለ ማዕረጉና ስለ ጡረታው ጥቂት ማለት ይገባናል፤ ሁለቱ በአንድ ስሌት የተያያዙ ናቸውና።

ግድቡ በተጀመረበት ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ለፖሊስ አባል ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.65 በመቶ መደበ፤ ጣሪያው 70 በመቶ ሆነ። ስሌቱም የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ መነሻ አደረገ። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ቢተካም ጡረታ ከመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ጋር መተሳሰሩ አልቀረም።

በዚህ ስሌት 30 ዓመት ያገለገለ ፖሊስ 63 በመቶ ያገኛል። በማዕረግ ዕድገት ምክንያት 900 ብር ቢጨመርለትና ጭማሪው ጡረታ ከመውጣቱ 3 ዓመት ቢቀድም፣ አበሉ በወር በ567 ብር ያድጋል። 1 ዓመት ብቻ ሲቀረው ቢደርሰው ግን ዕድገቱ 189 ብር ነው። ልዩነቱ ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል፤ ሲሞትም ከአበሉ ግማሹን ለምታገኘው ባለቤቱ ይተርፋል።

እንግዲህ ዕድገትን በጊዜው መስጠት ችሮታ ሳይሆን ዕዳን በቀኑ መክፈል ነው።