ስለ መረሬ መሬት አዘገጃጀት ለትምህርት ቤት ልጆችና ለወላጆቻቸው የተነገረ ንግግር

ልጆቼ ሆይ፤ እናንተም አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ ለአትክልት የተሰጠን አዲስ መሬት መረሬ እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዋልካ የሚሉትም አሉ። በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ጫማ ያወልቃል። «ይህ ጎመን አያበቅልም፤ ለከብት መሰማሪያ ይመለስ» የሚል ነገር በመንደሩ እንደሚነገር ስለ ሰማሁ ጥቂት ቃል ልናገር ተነሣሁ።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ልጅነቴን በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አሳልፌ ወደ ጽሕፈት ሥራ የገባሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ የአፈርን ጠባይ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ጓሮዬን የቆፈርሁት በሐምሌ ነው፤ ዝናሙ መሬቱን አለሰለሰልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ዶማው የገለበጠው አፈር ግን እንደ ጭቃ ተላቍጦ ቀረ፤ የጥቅምት ፀሐይ ሲያገኘውም እንደ ሸክላ ደረቀ። ችግኙ ቢጫ ሆኖ ሞተ፤ መሬቱም እስኪያገግም ሁለት በጋ ፈጀ።

መረሬ ድኻ አፈር አይደለም። ነገር ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይኰማተራል። ባበጠ ጊዜ የአየሩ መተላለፊያ ስለሚዘጋ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። እንግዲህ ሥራችን የቍፋሮውን ቀን መምረጥና ውሃውን መሸኘት ነው።

ቀኑ እንዲህ ይታወቃል። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥታችሁ በመዳፋችሁ አሹት። እንደ ክር ቢረዝምና ቢያብረቀርቅ ተዉት፤ ቢፈረፈር ቆፍሩ፤ ዶማ የማያስገባ ከሆነ ግን ቀኑ አልፏል። ይህ ጊዜ ዝናም ካባራ በኋላ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ይገኛል፤ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚቆይም ለሠርግና ለገበያ ብላችሁ አታሳልፉት። ጓሉን አትከስክሱት፤ የበጋ ፀሐይና የበልግ ካፊያ እየተፈራረቁ ይፈረካክሱታል።

ከዚያም የበሰለ ፍግ አራት ጣት ያህል አልብሳችሁ ከላይኛው አፈር ጋራ ቀላቅሉት። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል። አሸዋ ጨምሩ የሚሉ አሉ፤ ጥቂቱ አይጠቅምም፣ የሚበቃውንም የአህያ ጀርባ አይችለውም። በሸዋ ደጋ እንደሚደረገው ጓይ ማቃጠልም የመጀመሪያውን አዝመራ ያሳምራል፤ ነገር ግን የአፈሩን ልምላሜ ስለሚያጠፋ ከጥቂት ዓመት በኋላ መሬቱ ለረዥም ጊዜ ጦም ያድራል።

ውሃውን ስለ መሸኘት ከእነዋሪ ሰዎች እንማር። በዚያ በሰሜን ሸዋ ገበሬዎች፣ ይልቁንም ሴቶችና ልጆች፣ አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ያወጣሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ተመራማሪዎች ይህንኑ አይተው ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚሳብ የመደብ ማውጫ ሠሩ። እኛም ከሰኔ በፊት መደባችንን 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩን 40 ሳንቲ ሜትር እናድርገው፤ ቦዩም ወደ ቍልቍለቱ ይውጣ። መደቡን ማንም አይርገጠው፤ የርእሰ መምህሩም እግር ቢሆን። በመጀመሪያው ዓመት ጎመንና ሽንኩርት ይበቃናል፤ ካሮት በጠንካራ አፈር ስለሚጣመም ይቈየን።

ነገ ጧት የአራተኛ ክፍል ልጆች እፍኝ አፈር አውጥታችሁ ሞክሩ። ቢፈረፈር ደወሉን ደውሉ፤ ወላጆችም ድምፁን ስትሰሙ ዶማችሁን ይዛችሁ ኑ።