ቫይረስ ሲገባ አትደብቁ
በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ ስለ ቤታችን ኮምፒውተር እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ስለሆነ ብዙ ሰው "የትኛውን ፀረ ቫይረስ ልግዛ?" ይለኛል። እሱን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ቤታችንን የበለጠ የጎዳው ቫይረሱ አልነበረም፣ የእኔ ዝምታ ነበር።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በቤታችን ዕብራይስጥ አንባቢው እኔ ነበርኩ። ከቢቱዋህ ሌኡሚ ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው እኔ፣ የባንኩን ፓስወርድ የማውቀው እኔ፣ ኮምፒውተሩም በእኔ እጅ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ። አባቴ እንግዳ ሲመጣ "የቤቱ ኢንጂነር እሱ ነው" እያለ ይኮራብኝ ነበር።

አንድ ቀን ገንዘብ የሚከፈልበትን ጌም በነፃ የሚሰጥ ቦታ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። ከጌሙ ጋር የመጣው መመሪያ "መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፋ፣ አለዚያ አይሠራም" ይላል። አጠፋሁት። ጌሙ አልተከፈተም። ማታ ላይ ግን በፎቶዎቻችን ስም መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው ፊደላት ተጨምረው አየሁ፤ አንዱም አይከፈትም። "ፋይሎችህ ተቆልፈዋል፤ መክፈቻውን ከፈለግህ ክፈል" የሚል ጽሑፍም ተቀምጧል። ጽሑፉን አጠፋሁና ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተኛሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴን ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ደግሞ ሐፍረቱ ባሰብኝ። ኢንጂነሩ ራሱ ቤቱን አበላሸ እንዴት ይባላል?

በሦስተኛው ቀን አጎቴ መጣ። አያቴ ከመሞቷ በፊት ድምፅዋን የቀዳው እሱ ነው። ከአምቦበር ተነሥተው በእግር እንዴት ሱዳን እንደ ገቡ፣ በኡም ራኩባ መጠለያ ማንን ማንን እንደ ቀበሩ፣ ስማቸውን እየጠራች ያወራችው ነው። ቅጂው በሁለት ቦታ ነበር፤ በኮምፒውተራችንና በአጎቴ ትንሽ ዲስክ ላይ። አጎቴ የሲግድ ፎቶዎችን ሊገለብጥልን ዲስኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰካው። እኔ እዚያው ክፍል ተቀምጫለሁ። "ጋሼ፣ አትሰካው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምናልባት ምንም አይሆንም ብዬ ዝም አልኩ። ፕሮግራሙ ግን ገና ኮምፒውተሩ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አጎቴ ቡናውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ዲስኩንም ቆለፈው።

የአያቴ ድምፅ እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ። ኮምፒውተሩ የተበላሸው በአንድ ምሽት ነው፤ ዲስኩ የጠፋው ግን ስለ ደበቅሁ ነው። ደግሞም ማፈሬ ልክ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦክቶበር ወር ሐዴራ የሚገኘው የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ኮምፒውተሮች በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ተመቱ፤ ሐኪሞችና ነርሶች በወረቀትና በእስክርቢቶ ለመሥራት ተገደዱ። ሆስፒታሉ ግን አልደበቀም፤ ለሕዝብ ተናገረ። የራሱ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ያሉት ሆስፒታል ከተመታ፣ የእኛ ቤት ቢመታ ምን ያሳፍራል?

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ አፕዴት። ኮምፒውተሩ "አፕዴት ላድርግ" ሲለን "በኋላ" እያልን እንገፋዋለን። እ.ኤ.አ. በ2017 ሜይ ወር ዋናክራይ የተባለ ፋይል ቆላፊ በ150 ያህል አገሮች ኮምፒውተሮችን መታ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕመምተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ነበር። "በኋላ" ያሉት ናቸው የተያዙት። ቤታችሁ ያለው ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ መደበኛው ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ አብቅቷል። ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድጉት፤ ካልቻለ ባንክ ነክ ሥራ አትሥሩበት።

ሁለተኛ፣ የትኛውን ፀረ ቫይረስ ልግዛ ላላችሁኝ። ዊንዶውስ ዲፌንደር የሚባል ጠባቂ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለተራ ቤት ይበቃል። የሚበቃው ግን ካላጠፋችሁት ነው። ቤታችሁ ሊገባ የመጣ እንግዳ "መጀመሪያ ውሻውን እሰሩልኝ" ቢላችሁ ምን ትጠረጥራላችሁ? ፀረ ቫይረሱን አጥፋ የሚል ጌም፣ የጌም ማታለያ ወይም ያለ ክፍያ የሚከፈት ፕሮግራም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ ለልጆች የየራሳቸውን መግቢያ ክፈቱላቸው። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለ፤ እንደ ባለቤት ሁሉን የሚያዝና እንደ ተራ ሰው የሚሠራ። ልጆች በተራው ይግቡ። ያኔ አዲስ ፕሮግራም ሊጫን ሲል ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱን ፓስወርድ ይጠይቃል። ያች አንድ ደቂቃ "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ለመጠየቅ ትበቃለች። እኔም የቤቱ ባለሙያ ነኝ ብዬ ሁልጊዜ በባለቤቱ መግቢያ አልሠራም።

አራተኛ፣ የሚያስቸኩል መልእክት። "ዕቃህ ፖስታ ቤት ቆሟል"፣ "የመንገድ ክፍያ አልከፈልክም፣ ዛሬ ካልከፈልክ ቅጣት አለ" የሚሉ መልእክቶችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሊንኩን አትንኩ። የእውነት ዕዳ እንዳለባችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ራሳችሁ ወደ ድርጅቱ ደውሉ ወይም አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። በኮምፒውተሩም ላይ በድንገት "ቫይረስ አለብህ፣ በዚህ ስልክ ደውል" የሚል ቀይ ጽሑፍ ቢወጣ አትደውሉ። የእውነተኛው የማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይኖረውም። ብትደውሉ ኮምፒውተራችሁን ከሩቅ የሚያዝ ፕሮግራም ጫኑ ይሏችኋል፤ ከዚያ ባንካችሁ ውስጥ ናቸው።

አምስተኛ፣ ቅጂ። የማይተካ ነገር፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሽማግሌዎች ድምፅ፣ የሰነድ ቅጂ፣ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ቦታ ይኑር። አንዱ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ዲስክ ይሁን፤ ሌላው እንደ ጉግል ድራይቭ ያለ ቦታ። ዲስኩ ሁልጊዜ ተሰክቶ ከቆየ ቅጂ አይባልም፤ ኮምፒውተሩን የቆለፈው እሱንም ይቆልፈዋል። ስክታችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ንቀሉት። በወር አንድ ቀን ይበቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ይህን ሁሉ አድርገንም ቫይረስ ሊገባ ይችላል። ያን ቀን መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ገመድ ካለም ንቀሉ። ሁለተኛ፣ ዲስክም ሆነ ስልክ አትሰኩበት። ሦስተኛ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሡት። አራተኛ፣ ፓስወርዶቻችሁን በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ቀይሩ፤ የካርድ ቁጥር ወይም የባንክ ፓስወርድ አሳልፋችሁ ከሰጣችሁ ወዲያው ባንክ ደውሉ። አምስተኛ፣ ወደ 119 ደውሉ፤ የአገሪቱ የሳይበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የእርዳታ መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ የማይችል ሰው ብቻውን ካለ፣ ለመደወል ከእኛ አንዱን ይጥራ።

ለቆለፉት ሰዎች ለመክፈልም አትቸኩሉ፤ ከፍለውም ያልተከፈተላቸው ብዙ ናቸው። ፋይሉን ግን አትጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአውሮፓ ፖሊስ ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚያካሂደው ኖ ሞር ራንሰም የሚባል አገልግሎት አለ፤ ለአንዳንዶቹ ቆላፊዎች መክፈቻ በነፃ ይሰጣል። ለእኛ ዓይነት እስካሁን አልወጣም። እኔ ግን በየጊዜው እየገባሁ አያለሁ። ዲስኩን እናቴ ቁም ሳጥኗ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ልጁን የቤቱ ብቸኛ ቁልፍ ያዥ አታድርጉት። ባንክ ሲገባ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ፓስወርዶቹን ደብተር ላይ ጻፉና እናንተ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ልጁ መጥቶ "አባዬ፣ አንድ ነገር ነክቼ ተበላሸ" ሲላችሁ፣ መጀመሪያ "እንኳን ነገርከኝ" በሉት። ቁጣው ነገ ይደርሳል። ዛሬ ከተቆጣችሁት ግን የሚቀጥለውን አይነግራችሁም።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ተናገሩ። ቤት መናገር ከከበዳችሁ ወደ ማኅበሩ ኑ፤ እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እዚህ አለሁ። ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ኑ፣ ማንም አይስቅባችሁም። አባቴ የሠራሁትን ሲሰማ ብዙ አልተቆጣም። "ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርከኝም?" ብቻ ነው ያለኝ። ለዚያ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።