የግቢያችን ገመድና ክረምቱ

ሰኔ ገብቷል። ብዙዎቻችን እንጀራ የምንጋግረው ጓሮ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው፤ መብራቱም ከቤት በኤክስቴንሽን ተስቦ ይመጣል።

ዓምና የሶኬቱን መገጣጠሚያ በፌስታል ጠቅልለን መሬት ላይ ተውነው። ዝናብ የማይነካው መስሎን ነበር። ጠዋት ከመካከላችን አንዷ ፌስታሉን ስትፈታ መብራት ነዝሯት ወደቀች፤ እግዚአብሔር አተረፈልን። ለካ ፌስታሉ ውሃ ቋጥሮ አድሯል። የገባውን ውሃ አያስወጣም፤ ላቦቱንም ያፍናል። 220 ቮልት ደግሞ ለእርጥብ እጅ አይራራም።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ እናድርግ። መገጣጠሚያው ከመሬት ከፍ ብሎ ከጣራው ሥር ይሰቀል። ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ የተቆረጠ ጀሪካን ከላይ እንደ ጃንጥላ ይደፋበት፤ ታቹ ክፍት ይሁን። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፤ ውሃው በገመዱ ወርዶ እዚያው ይንጠባጠባል። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ በቀጭን ገመድ አይቀጠል፤ መገጣጠሚያው ግሎ ይቀልጣል። ከረጠበም ማንም አይንካው፤ መጀመሪያ ከቆጣሪው ይጥፋ።

ወፍራም ገመድ ውድ እንደሆነ እናውቃለን። ለዚህም ከቁጠባችን በየወሩ ለአንዲት አባል እየገዛን በተራ እንዳረስ። ነገ የማን እጅ እንደሚነካው አናውቅምና።