ስለ ጉሮሮ ካንሰርና ስለ ደም ምርመራ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴ ከ6ኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ። ዛሬ ለመናገር ያስገደደኝ አምና የቀበርነው ወንድማችን ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አንገቱ ላይ እብጠት ሲወጣበት መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርሁ። «እንቅርት ነው፤ ስንት ደገኛ ተሸክሞት ይኖር የለም ወይ» አልሁት። ሌላው «ንፍፊት ነው» አለው። መዋጥ ሲያቅተው እንጥሉን አስቆረጠ። ሐኪም ቤት የደረሰው ከ8 ወር በኋላ ነው። የጉሮሮ ካንሰር መሆኑ ሲነገረው «ለመሆኑ ይህ ነገር ቀደም ብሎ በደሜ ውስጥ አይታይም ኖሯል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የጤና ትምህርት የሚማረውን የእኅቴን ልጅ እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

የጉሮሮ ካንሰር አንዱ ከትምባሆና ከመጠጥ ይመጣል፤ አንዱ ደግሞ ከቫይረስ። ኤች ፒ ቪ የሚባለው፣ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ፣ በቶንሲልና በምላስ ሥር ላይም ካንሰር ያመጣል። ከአፍንጫ በስተኋላ ባለው የጉሮሮ ክፍል ለሚነሣው ካንሰር ደግሞ ምክንያት የሚሆነው ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ ነው። ይህኛው በ1964 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከኡጋንዳ በተላከ የዕጢ ናሙና ውስጥ ነው።

ቫይረስ ሲገባ ሰውነታችን አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ በደም ውስጥ ያዘጋጃል። በእኔ ሥራ ስመስለው እንደ ገቢ ደብዳቤ መዝገብ ነው። ደብዳቤው ቢሰወር እንኳ ቁጥሩና ቀኑ ይገኛል። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ የአውሮፓ ጥናት፣ ሰዎች ጤነኛ ሳሉ ሰጥተውት የተቀመጠ ደም ተመረመረ። በኋላ በቶንሲልና በምላስ ሥር አካባቢ ካንሰር ከያዛቸው ከ100ው 35 ያህሉ «ኢ6» በሚባለው የኤች ፒ ቪ ፕሮቲን ላይ የተሠራ አንቲቦዲ ተገኘባቸው። ካልታመሙት ግን ከ100 አንድ እንኳ አልሞላም። በአንዳንዶቹ ምልክቱ የታየው ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ከሕክምና በኋላም አንቲቦዲው ሲቀንስ ወይም ተመልሶ ሲጨምር ሐኪሙ ፍንጭ ያገኛል። ነገር ግን የመዝገብ ቀለም ቶሎ አይለቅም፤ የዳነ ሰው ደም ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ደግሞም መዝገብ ደብዳቤው መግባቱን እንጂ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አይናገርም። ዕጢው ያለበትን አይቶ፣ ናሙና ወስዶ የሚለየው ሐኪም ነው። ይህ የደም ምርመራ በሐኪም ቤቶቻችን የዘወትር ምርመራ አልሆነም።

እንግዲህ ለወንድሜ መልሴ ይህ ነው፦ በደምህ ምናልባት ይታይ ነበር፤ በአንገትህ ላይ ግን በእርግጥ ታይቶ ነበር። አይቼ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፤ የአንገት እብጠት፣ የድምፅ መጎርነን ወይም የመዋጥ ችግር ከ3 ሳምንት ካለፈ «እንቅርት ነው፣ እንጥል ወርዶ ነው» ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ሐኪም ራቀን ብለን የምናመካኝ አይደለንም። ሴት ልጆቻችንም የኤች ፒ ቪ ክትባት እንዳያመልጣቸው፤ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ለማሕፀን በር ካንሰር ቢሆንም ቫይረሱ ያው ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እድራችን ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ለቀብር ገንዘብ አለው። ወንድማችን ግን ለመመርመሪያ አጥቶ ዘገየ፤ በሞተ ማግሥት ገንዘቡን ቆጥረን ለቤተሰቡ ሰጠን። አባል ሲታመም ለመመርመሪያና ለመጓጓዣ የሚሆን፣ ቀስ ብሎ የሚመለስ ብድር ከሣጥኑ እንዲወጣ መተዳደሪያ ደንባችን ይሻሻል። እጃችሁን አውጥታችሁ ብትወስኑ የመጀመሪያውን 500 ብር እኔ ከጡረታዬ እጨምራለሁ።