የቆየው ባለመስተዋት ካሜራና አዲሱ የኪስ ካሜራ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የአንድ መሣሪያ አዲስነት ለብቃቱ በቂ ማስረጃ ይሆናልን? ይህ ጥያቄ በማንኛውም የምህንድስና ዘርፍ የሚነሣ ቢሆንም፣ ሁሉም ሰው በእጁ ይዞ በሚያውቀው ዕቃ ላይ ቢመረመር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ስለሆነም ለዚህ ንግግር የተመረጠው ዕቃ ካሜራ ነው። የመመዘኛው ስፍራ ደግሞ የአዊ ዞን፣ በተለይም እንጅባራና ዳንግላ ናቸው።

ስፍራው ያለምክንያት አልተመረጠም። ዳንግላ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የተቀመጠባት ከተማ ናት። ይህ ሰው የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ መለካቱ፣ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ ማሳተሙ ይታወቃል። በዚያ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎች ዛሬ የታሪክ ሰነድ ሆነዋል። እንጅባራ ደግሞ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርባት ከተማ ናት። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ማኅበር የዐድዋን ድልና በድሉ የፈረሶችን ውለታ ያስታውሳል። ፈረሶቹ በግላስና በወዴላ አጊጠው፣ ጋላቢዎቹ ነጭ ለብሰው ሲወጡ፣ በሜዳው ላይ ስንት ካሜራ እንደሚደገን መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ምስል ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተመልካች የሚጠቅመው የትኛው ይሆን? ሽማግሌው ፈረሰኛ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ፎቶግራፉን እንደገና ማንሣት አይቻልምና፣ ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

ለንጽጽሩ ሁለት መሣሪያዎች ይወሰዱ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የወጣው ኒኮን ዲ 40 የተባለው፣ ሌንሱ የሚለወጥ ባለመስተዋት ዲጂታል ካሜራ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ካኖን ኢክሰስ 185 የተባለው፣ በሸሚዝ ኪስ የሚገባ ትንሽ ካሜራ ነው። በመካከላቸው ዐሥር ዓመት ያህል አለ። የመጀመሪያው ያለሌንስ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ሁለተኛው ከነባትሪው ከ130 ግራም አይበልጥም። የመጀመሪያው 6 ሜጋፒክስል፣ ሁለተኛው 20 ሜጋፒክስል ተብሎ ለገበያ ቀርቧል። ገዢው ይህን ብቻ አይቶ ቢፈርድ አዲሱ ትንሽ፣ ቀላልና ከሦስት እጥፍ በላይ የተሻለ ነው ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በማንኛውም ዲጂታል ካሜራ ውስጥ በፊልም ፈንታ ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ፣ በተለምዶ ሴንሰር የሚባለው፣ ይገኛል። የሁለቱም ካሜራዎች ሴንሰር ሲ ሲ ዲ ከሚባለው ዐይነት ነው። ይህ ፈጠራ እ.ኤ.አ. በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ ያገኙትና በ2009 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ነው። አሠራሩን በዝናም ውኃ መመሰል ይቻላል። በጓሮ የተደረደሩ ባልዲዎች ዝናሙን እንደሚያጠራቅሙ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ፒክስል የደረሰበትን ብርሃን በኤሌክትሪክ ክፍያ መልክ ያጠራቅማል፤ ከዚያም መጠኑ በተራ ይለካል። አፈ ሰፊው ባልዲ ብዙ ውኃ እንደሚይዝ፣ ሰፊው ፒክስልም ብዙ ብርሃን ይይዛል።

ስሌቱ የሚከተለው ነው። የዲ 40 ሴንሰር 23.7 በ15.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ 370 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የኪስ ካሜራው ሴንሰር ግን 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የቀድሞው በስፋት 13 ጊዜ ይበልጣል። በዚያች ጠባብ ሰሌዳ ላይ 20 ሚሊዮን ፒክስል ስለታጨቀ፣ የአንዱ ፒክስል ጎን 1.2 ማይክሮን ገደማ ሲሆን የዲ 40 ግን 7.8 ማይክሮን ይደርሳል። አንዱን ፒክስል ከአንዱ ብናነጻጽር ልዩነቱ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። እርግጥ ሁለቱ ምስሎች በእኩል መጠን ሲታተሙ ጎረቤታሞቹ ትናንሽ ፒክስሎች ስለሚደመሩ ልዩነቱ ወደ 13 እጥፍ ይወርዳል። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። ብርሃን ሲያንስ በምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነው ሻካራ ነጠብጣብ ከዚህ የሚመጣ ነውና።

ሁለተኛው ነጥብ የሌንሱ ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ በሚያልፍበት ጊዜ ጠርዙ ላይ ስለሚበተን፣ የአንድ ነጥብ ምስል ነጥብ ሆኖ አይቀርም፤ ትንሽ ክብ ይሆናል። የክቡ ስፋት የሚወሰነው በቀዳዳው ቁጥርና በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። የኪስ ካሜራው ሩቁን ለማቅረብ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ የቀዳዳው ቁጥር ኤፍ 6.9 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ለአረንጓዴ ብርሃን የክቡ ስፋት 9.3 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ይህም ከሰባት ፒክስል በላይ ጎን ለጎን ይሸፍናል። በሌላ አነጋገር፣ 20 ሚሊዮን ተብሎ የተቆጠረው ፒክስል አብዛኛው ያንኑ የደበዘዘ ነጥብ ደጋግሞ ይጽፋል። ዲ 40 በኤፍ 5.6 ሲሠራ ግን ክቡ 7.5 ማይክሮን ያህል ስለሚሆን ከአንድ ፒክስል አይዘልም። ያ አነስተኛ የሚመስለው 6 ሚሊዮን እያንዳንዱ የራሱን ሥራ የሚሠራ ነው። ደግሞም 3008 በ2000 ፒክስል ያለው ምስል በጥሩ የኅትመት ደረጃ 25 በ17 ሳንቲ ሜትር ለሚያህል ሥዕል ይበቃል። ለመጽሔት ገጽም ሆነ ለአዳራሽ ግድግዳ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ፍላጎት አዘውትሮ አይገጥምም።

አሁን ወደ እንጅባራ ሜዳ እንመለስ። የጥር ፀሐይ ብሩህ ስለሆነ በቀትር የብርሃን እጥረት የለም። በዚያ ሰዓት የኪስ ካሜራውም በኤፍ 6.9 እንኳ በሴኮንድ 500ኛ ክፍል ውስጥ ሊያነሣ ይችላል። ችግሩ ከብርሃን ይልቅ ከጊዜ ላይ ነው። ፈረስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጋልብ፣ በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ካሜራው ርቀቱን ለማስተካከልና ለመክፈት ግማሽ ሴኮንድ ቢወስድበት፣ አንሺው ጣቱን ከተጫነ በኋላ ፈረሱ አምስት ሜትር ተኩል አልፎ ሄዷል። በምስሉ ላይ የሚቀረው ጭራውና አቧራው ነው። ርቀቱ አስቀድሞ የተስተካከለለት ባለመስተዋት ካሜራ ግን በሴኮንድ ዐሥረኛ ክፍል ገደማ ስለሚከፍት፣ ፈረሱ የሚያመልጠው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በተከታታይ ሲነሣም ዲ 40 በሴኮንድ ሁለት ተኩል ምስል ስለሚያነሣ በየ4 ሜትር ተኩሉ አንድ ምስል ይገኛል፤ የኪስ ካሜራው በሴኮንድ አንድ ምስል እንኳ ስለማይሞላ በየ14 ሜትሩ አንድ ብቻ ይሆናል። በጉግስ ጨዋታ ዘንጉ ከእጅ የሚወጣበት ቅጽበት በነዚህ 14 ሜትሮች መካከል ጠፍቶ ይቀራል። በዚያ ላይ የኪስ ካሜራው ዐይን የሚያርፍበት መመልከቻ ቀዳዳ የለውም። በጀርባው ያለው መስኮት በቀትር ፀሐይ ስለሚያንጸባርቅ አንሺው የሚያነሣውን በግምት ይከተላል።

ሌላው የሜዳው ፈተና የነጭና የጥቁር ጉዳይ ነው። የጋላቢው ነጭ ልብስና የፈረሱ ጥቁር ቆዳ በአንድ ምስል ሲገኙ፣ ወይ ነጩ ጥለቱ ጠፍቶ ይነጣል፣ ወይ ጥቁሩ ኮርቻውና ልጓሙ ሳይለይ ይጨልማል። ዲ 40 ያልተነካውን የሴንሰር መረጃ በ12 ቢት፣ ማለትም በ4096 የብርሃን ደረጃ ማስቀመጥ ይችላል። የኪስ ካሜራው የሚያስቀምጠው በ8 ቢት፣ ማለትም በ256 ደረጃ የተጨመቀውን ምስል ብቻ ነው። ከ4096 ደረጃ ውስጥ የተደበቀውን ጥለት በኋላ በጥንቃቄ ማውጣት ይቻላል፤ ከ256ቱ ውስጥ አንዴ የጠፋው ግን አይመለስም። በእሳተ ገሞራ በተፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ፣ በደን ተከቦ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅም ተመሳሳይ ፈተና ያቀርባል። ውኃው ሰማዩን ሲያንጸባርቅ የዳርቻው ዛፍ በጥላ ውስጥ ይቀራልና።

ብርሃን በሚያንስበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ወይም በክረምት ደመና ሥር ባለ ድልድይ ስር፣ የሌንስ መለወጥ ጥቅም ይታያል። ከካሜራው ጋር ይሸጥ የነበረው ሌንስ በኤፍ 5.6 ከሚያስገባው ብርሃን ይልቅ፣ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ዐሥር ጊዜ ያህል ያስገባል። አንድ ሴኮንድ ይጠይቅ የነበረው ምስል በሴኮንድ ዐሥረኛ ይነሣል ማለት ነው። እዚህ ላይ ገዢው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ የዲ 40 አካል ርቀት የሚያስተካክል ሞተር ስለሌለው፣ ሞተሩ በራሱ ውስጥ ያለበትን ሌንስ መግዛት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን የአዲሱም ጥቅም መነገር አለበት። ዲ 40 ተንቀሳቃሽ ምስልና ድምፅ አይቀርጽም፤ የኪስ ካሜራው ግን ይቀርጻል። የፈረሰኞቹ ፉከራና በአገውኛ የሚዜመው ዘፈን ያለድምፅ ግማሽ ነውና፣ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ሁለተኛም፣ ሴንሰሩ ትንሽ መሆኑ በቅርብና በሩቅ ያለው ነገር በአንድነት ጥርት ብሎ እንዲታይ ይረዳል። የግድግዳ ስንጥቅ ከአጠገቡ ከተቀመጠ ማስመሪያ ጋር ለሚያነሣ መሐንዲስ ይህ የሚጠላ ጠባይ አይደለም። ሦስተኛም፣ ከሁሉ በላይ፣ ኪስ ውስጥ ያለ ካሜራ በሥራ ቦታ ይገኛል። ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ ባለሙያ በመንገድ ዳር የተናደ የድጋፍ ግንብ ቢያይ፣ ቢሮ ውስጥ ከተቆለፈበት ምርጥ ካሜራ ይልቅ በኪሱ ያለው ተራ ካሜራ ይጠቅመዋል።

የጥገናና የአያያዝም ጉዳይ አለ። ባለመስተዋቱ ሌንሱ በሚለወጥበት ጊዜ አቧራ ሴንሰሩ ላይ ቢያርፍ ማጽዳት ይቻላል። ተዘርግቶ የሚታጠፈው የኪስ ካሜራ ሌንስ ግን በበዓሉ አቧራ ከተሞላ ማርሹ ይያዛል፤ ብዙ ጊዜም ከመጠገን መጣል ይቀላል። እንደ እንጅባራ ዝናምና ጤዛ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ ለሁለቱም ጠላቱ እርጥበት ነው። ሌንስ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ክረምቱን ከከረመ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ካለበት ክዳናም ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ገበያውም የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። በዓለም ዙሪያ የዲጂታል ካሜራ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ሳለ፣ በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ያንን ቦታ የያዘው ስልክ ነው። ስልክ ብዙ ምስሎችን በቅጽበት አንሥቶ በስሌት እያዋሐደ የትንሽ ሴንሰርን ድክመት በከፊል ይሸፍናል። ቢሆንም ስሌቱ ያላየውን መገመት እንጂ ያልገባውን ብርሃን መፍጠር አይችልም። የሚሮጥ ፈረስም በተዋሐዱት ምስሎች መካከል ቦታውን ስለሚለውጥ ስሌቱን ያስቸግራል።

ከዚህ ሁሉ ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፈው ቁም ነገር የግዢ መስፈርትን ይመለከታል። አንድ መሥሪያ ቤት ለጨረታ በሚያወጣው ሰነድ ላይ «ከ20 ሜጋፒክስል ያላነሰ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ በሕግና በደንቡ መሠረት የተሻለውን መሣሪያ ጥሎ ደካማውን ይገዛል። ማንም አላጠፋም፤ ሰነዱ ግን አጥፍቷል። ስለሆነም መስፈርቱ ሊጠቅስ የሚገባው የሴንሰሩን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የሌንሱን የቀዳዳ ቁጥር በሁለቱም ጫፍ፣ ከጣት እስከ መክፈቻ የሚወስደውን ጊዜ፣ ያልተጨመቀ መረጃ ማስቀመጥ መቻሉን፣ እንዲሁም መለዋወጫና ጥገና መገኘቱን ነው። ሜጋፒክስል ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ይኸው ሥርዓት ለቅየሳ መሣሪያ፣ ለውኃ ፓምፕና ለጄኔሬተርም ይሠራል፤ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የታተመው ቁጥር ሁልጊዜ ሥራውን የሚሠራው ቁጥር አይደለምና።

በመጨረሻም፣ ለእንጅባራው በዓል ሁለቱንም ማሰለፍ ይበጃል። የቆየው ትልቅ ካሜራ ጋላቢውንና ፈረሱን ይያዝ፤ ትንሹ ፉከራውንና ዜማውን ይቅረጽ። የተነሣው ሁሉ ስሙ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ይቀመጥ፤ አንዱም ቅጂ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቢሆን ለተመራማሪው ይቀርባል። ፎቶግራፍ በደንብ ተነሥቶ ስም ሳይጻፍበት ከቀረ፣ ከትውልድ በኋላ ፈረሰኛው ማን እንደነበር የሚናገርለት አይገኝም። ለዚህ ደግሞ ከካሜራው ይልቅ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።