የሚቃወመንን እስኪጨርስ እንስማው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን የኀዘን ነገር ብናነሣ አትቀየሙን። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ ሁለቱም «መሬት ላራሹ» ያሉ ወንድማማቾች ነበሩ። በሐሳብ ቢለያዩ ግን ክርክራቸው ከወረቀት ወደ ጥይት ተሻገረ፤ መኢሶንም ከደርግ ጎን ቆመ። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደርግን ለመቃወም ከተሰበሰቡት ወጣቶች በመቶ የሚቆጠሩት ተገደሉ፤ ብዙዎቹ እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው ክረምት መኢሶንም ከደርግ ተጣልቶ ሸሸ፤ አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ሆነ።

እኛ የሞላሌ ልጆች ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ባላጋራ እኩል ሲሰማ እያየን አድገናል። ስለዚህ በክርክር ክበባችን የሚቃወመን ጓደኛ ሲናገር ቃሉን እስኪጨርስ እንስማው።